የትንሿ መኪና ቀለም ለምን ተሰነጠቀ? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም በዚህ አምድ ስለ አምሳያ መኪና አሠራር በአጭሩ ከጻፍኩ ወዲህ ከአዳማ፣ ከወንጂ፣ ከሞጆና ከአሰላ በርከት ያሉ ደብዳቤዎች ደርሰውኛል። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ማስተናገድ ስለማይቻል፣ ብዙዎች በተለያየ አነጋገር ያነሷቸውን አምስት ጥያቄዎች መርጬ ከዚህ በታች መልስ ሰጥቻለሁ። የቀለሙ ጥያቄ ሰፊውን ቦታ ይዟል፤ ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የሚያማርሩት በቀለም ነው፤ እኔም በዚህ ሥራ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ የደከምኩት በእርሱ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ በአዳማ ከተማ መምህር ነኝ። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጄ ከሽቦና ከቆርቆሮ መኪና እየሠራ፣ ጎማውንም ከቆርኪ እያበጀ ያደገ ነው። አሁን አጎቱ ከውጭ አገር ሲመጣ ተገጣጣሚ የፕላስቲክ ሞዴል ሊያመጣለት ቃል ገብቶለታል። በሣጥኖቹ ላይ 1፡18፣ 1፡24፣ 1፡43 የሚሉ ቁጥሮች እንዳሉ ነግሮናል። ቁጥሮቹ ምን ማለት ናቸው? ለጀማሪስ የትኛው ይሻላል?

መልስ፦ ቁጥሩ የሚናገረው ሞዴሉ ከእውነተኛው መኪና በርዝመት ስንት ጊዜ እንደሚያንስ ነው። 1፡24 ሲባል በመኪናው ላይ 24 ሴንቲ ሜትር የሆነው ነገር በሞዴሉ ላይ 1 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ለስሌት የምትመች ምሳሌ ቮልስ ናት። የቮልስዋገን ቢትል ከፊት ጎማ መሐል እስከ ኋላ ጎማ መሐል ያለው ርቀት 2,400 ሚሊ ሜትር በመሆኑ፣ በ1፡24 ሲሠራ በትክክል 100 ሚሊ ሜትር ይወጣል። ጠቅላላ ርዝመቷ ወደ 4.07 ሜትር ገደማ ስለሆነ ሞዴሏ 17 ሴንቲ ሜትር ያህል ትሆናለች፤ ይህችው መኪና በ1፡43 ብትሠራ 9 ሴንቲ ሜትር ከግማሽ፣ በ1፡18 ደግሞ ከ22 ሴንቲ ሜትር በላይ ይኖራታል።

ለልጅዎ የምመርጥለት 1፡24 ነው። በ1፡18 እና በ1፡43 የሚገኙት ሞዴሎች አብዛኛውን ጊዜ በፋብሪካ ተቀብተውና ተጠናቀው የሚሸጡ የብረት መኪኖች ናቸው፤ ለማየት ያምራሉ እንጂ ለሚሠራ እጅ ብዙ የሚተዉት ነገር የለም። ቤት ውስጥ ተገጣጥመውና ተቀብተው የሚያልቁት የፕላስቲክ መኪኖች በብዛት የሚመረቱት በ1፡24 እና አሜሪካውያኑ በለመዱት 1፡25 ነው። ይህ ልኬት የበር እጀታና የመሪ ዘንግ በጣት ለመያዝ የሚያስችል ስፋት አለው፤ ተሠርቶ ሲያልቅም ከመጽሐፍ መደርደሪያ ላይ ቦታ አያጣም። አጎቱ እንዲያመጣ የምመክረውም ያችኑ ቮልስ ነው፤ የጃፓኑ ታሚያም ሆነ ሬቭል በ1፡24 ሠርተዋታል። ቅርጿ ክብ ክብ ስለሆነ ቀለም በጠርዝ ላይ አይሳሳባትም፤ ከሁሉም በላይ ግን ልጁ መንገድ ላይ ቆሞ ሊያያት፣ ባለቤቱን አስፈቅዶም ሜትር ይዞ ሊለካት የሚችል መኪና ናት። አይቶት የማያውቀውን የእሽቅድምድም መኪና የሚገጣጥም ልጅ የሣጥኑን ሥዕል ነው የሚገለብጠው፤ የሚያውቀውን መኪና የሚሠራ ልጅ ግን ስህተቱን ራሱ ያገኘዋል።

የሽቦውን መኪናም እንዳያስተዉት አደራ እላለሁ። የለስላሳ ጠርሙስ ቆርኪ ስፋቱ 32 ሚሊ ሜትር ነው፤ በ24 ሲባዛ 77 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ይህም ከላንድ ክሩዘር ጎማ ብዙም አይርቅም። ስለዚህ ልጅዎ ሳያውቀው ለ1፡24 የሚስማማ የገጠር መኪና ጎማ ሲሠራ ኖሯል ማለት ነው። ይህን ስሌት አብራችሁ ብትሠሩት ደስ ይለኛል።

ጥያቄ፦ ከወንጂ የተላከ። አንድ ወር ተኩል በትዕግሥት የገጣጠምኩትን ሞዴል ጋራዥ ወደሚሠራ ጓደኛዬ ወስጄ ቀለም አስቀባሁት። እውነተኛ መኪና በሚቀባበት ቀለም፣ በዚያው መርጫ ረጨው። ደቂቃዎች ሳይቆይ ጣሪያው እንደ ደረቀ ኩሬ ተሰነጣጠቀ፤ ኮፈኑና በሮቹ ላይ ደግሞ አቧራ ተለጥፎ ቀረ። የቀለሙ ጉድለት ነው ወይስ የጓደኛዬ ስህተት? ሞዴሉንስ ማዳን ይቻላል?

መልስ፦ ከቀለሙም ከጓደኛዎም አይደለም፤ ቀለሙ ለብረት የተዘጋጀ፣ ጓደኛዎም በብረት ላይ የተካነ ባለሙያ ነው። ሞዴሉ የተሠራበት ፕላስቲክ ፖሊስታይሪን ይባላል። ሞዴል ስንገጣጥም የምንጠቀምበት ሙጫ ሁለቱን ክፍሎች አንድ የሚያደርጋቸው የፕላስቲኩን ገጽ በጥቂቱ አሟሙቶ በመቀላቀል መሆኑን ያስታውሱ። የጋራዥ ቲነርም ይህንኑ ፕላስቲክ ያሟሟል። ባዶ ፕላስቲክ ላይ እርጥብና ወፍራም ሆኖ ሲያርፍ፣ ቲነሩ ተንኖ ከመሄዱ በፊት ወደ ውስጥ ይሰርጋል፤ ፕላስቲኩ ያብጣል፤ ሲደርቅም ተመልሶ ይኮማተርና ይሰነጠቃል። ጣሪያው ከሌላው ቀድሞ የተጎዳው ዝርግ ስለሆነና ቀለሙ ስለተኛበት ይመስለኛል።

ሁለተኛው ምክንያት ውፍረት ነው፤ ይህንን ብዙ ሰው ስለማያስበው ትንሽ ልቆይበት። በፋብሪካ የተቀባ የእውነተኛ መኪና ቀለም ከሥሩ እስከ ላዩ ክሊር (መልክ የሌለው አብረቅራቂ ሽፋን) ድረስ ውፍረቱ በአማካይ ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። ያንኑ ውፍረት በ1፡24 ሞዴል ላይ ብናደርገው፣ በእውነተኛ መኪና ላይ ከ2 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ቀለም እንደመለሰን ይቆጠራል። በበርና በአካሉ መካከል ያለው ክፍተት በእውነተኛው መኪና ላይ 4 ወይም 5 ሚሊ ሜትር ከሆነ በሞዴሉ ላይ 0.2 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ በአንድ ወፍራም ርጭት ይደፈናል። በሩ ተከፍቶ የሚዘጋ የማይመስል፣ ከሳሙና የተቀረጸ የሚመስል መኪና የሚወጣው ከዚህ የተነሳ ነው። ስለዚህ ቀለም ከመቀባትዎ በፊት የበሩን፣ የኮፈኑንና የኋላ መክፈቻውን መስመር በምላጭ ጀርባ ቀስ እያሉ ጥቂት ጊዜ በመፋቅ ጥልቀት ይስጡት። ይህ ሥራ ሰዓት አይፈጅም፤ ለሞዴሉ ከሚሰጠው ሕይወት አንጻር ግን ምንም አይተካውም።

አሁን ወደ ማዳኑ እንሂድ። ፕላስቲኩ ራሱ ከተሰነጠቀ ቀለሙን ማስለቀቅ ብቻውን አይበቃም። ሞዴሉን ቢያንስ ለአንድ ሳምንት ይተዉት፤ የሰረገው ቲነር ሙሉ በሙሉ መውጣት አለበት። ከዚያም ብርጭቆ ወረቀት በውሃ እያራሱ በ400 ቁጥር ጀምረው ስንጥቁ እስኪጠፋ ይፈጉት፤ በ600 እና በ1000 ያለስልሱት። ጥልቅ ስንጥቅ ከቀረ ጋራዥ ውስጥ ያለውን ስቱኮ በስሱ መጠቀም ይቻላል። ጣሪያው በአንድ ግማሽ ሚሊ ሜትር ቢሳሳ ማንም አያስተውለውም፤ ሻካራ ሆኖ ቢቀር ግን ከሩቅ ይታያል። ቀለሙን በፍሬን ዘይት የሚያስለቅቁ ሰዎች አሉ፤ ይሠራል፤ ነገር ግን ቆዳ ስለሚጎዳ ጓንት ያስፈልጋል፤ አስቀድሞም ክፍሎቹ ተያይዘው በመጡበት የፕላስቲክ ዘንግ ቁራጭ ላይ መሞከር ይገባል። አሴቶን ግን ፈጽሞ አያስጠጉት፤ ሞዴሉን ራሱን ያሟሟዋል።

ድጋሚ ሲቀቡ በዚህ ቅደም ተከተል ይሂዱ። ሞዴሉን በለብ ያለ ውሃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና በጥርስ ብሩሽ ይጠቡት፤ ፋብሪካው ፕላስቲኩን ከቅርጹ ለማላቀቅ የሚቀባው ቅባትና የጣትዎ ወዝ ካልወጣ ቀለም አይይዝም። ከደረቀ በኋላ በጣት አይንኩት፤ በውስጥ በኩል የጠርሙስ አንገት ወይም የታጠፈ ሽቦ አስገብተው በዚያ ይያዙት። ቀጥሎ የሥር ቀለም ወይም ፕራይመር ይረጫል። ይህ ንብርብር ፕላስቲኩን ከላይኛው ቀለም ቲነር የሚጋርደው ስለሆነ የጋራዥ ቀለም ለመጠቀም ላሰበ ሰው የግድ ነው። ራሱ ፕራይመሩም በአንድ ጊዜ እንዲያረጥበው አይደረግም፤ የመጀመሪያው ርጭት እንደ ጉም ብናኝ ስስ ሆኖ ፕላስቲኩ ከሥሩ እየታየ ይለፍ፤ አሥር ወይም አሥራ አምስት ደቂቃ ቆይቶ ሁለተኛው ይከተል፤ በሦስተኛው ይሸፈን። ግራጫ ፕራይመር ቢመርጡ ደስ ይለኛል፤ ያልተፋቀ ጭረትና የተረሳ ጉድጓድ ሁሉ በእርሱ ላይ ይታያል። ቀለሙም በዚሁ መንገድ፣ በሦስትና በአራት ስስ ርጭት ይቀባል። የጋራዥ መርጫ አፉ ሰፊ በመሆኑ ለ17 ሴንቲ ሜትር መኪና ይበዛል፤ አፉ 0.3 ሚሊ ሜትር የሆነ ኤር ብራሽ፣ ማለትም እንደ እስክሪብቶ የሚያዝ ትንሽ የቀለም መርጫ፣ ካገኙ በጎሚስታ ቤት ያለ ኮምፕሬሰር እንኳ መቆጣጠሪያ ተገጥሞለት ግፊቱ ወደ 1 ባር ሲወርድ በደንብ ያገለግላል፤ የአየሩን ውሃ የሚያጣራ ነገር መኖሩን ብቻ ያረጋግጡ። ኤር ብራሽ ከሌለ የጣሳ ስፕሬይ ይበቃል፤ ጣሳውን ለጥቂት ደቂቃ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ማቆም ብናኙን ያደቅቀዋል፤ ውሃው የፈላ እንዳይሆን ግን ከባድ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ጣሳው ሊፈነዳ ይችላል።

የብረት ብናኝ ያለበትን፣ እኛ ሜታሊክ የምንለውን ቀለም ከጋራዥ መውሰድ አልመክርም። በእውነተኛ መኪና ላይ እንደ ጤዛ የሚያብለጨልጨው ብናኝ መጠኑ በሞዴሉ ላይ አይቀንስም፤ በ24 ሲባዛ የአሸዋ ጠጠር የተበተነበት መኪና ይመስላል። ደማቅ ቀለሞችንም በጥቂቱ ማፍዘዝ፣ ለምሳሌ በጥቁሩ ላይ ትንሽ ግራጫ መጨመር፣ ትንሿን መኪና ከሩቅ እንደምትታይ ትልቅ መኪና ያስመስላታል።

አቧራውን በተመለከተ፣ ወንጂም ሆነ አዳማ የሚኖር ሰው ነፋስን ሳያስብ ቀለም አይቀባም። ከአዳማ ዳር ያሉት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች አንደኛው 51፣ ሁለተኛው 153 ሜጋ ዋት የሚያመነጩት በዚሁ የእኛን ቀለም በሚያበላሸው ነፋስ ነው። እኔ የምቀባው ማለዳ፣ ከ12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ግቢው ሳይጠረግና ነፋሱ ሳይነሳ ነው። ወለሉን ቀደም ብዬ ውሃ አርከፈክፍበታለሁ፤ የሱፍ ልብስ አልለብስም፤ ሞዴሉን ከመቀባቴ ጥቂት ቀደም ብሎ በእርጥብ ንጹሕ ጨርቅ አብሰዋለሁ፤ ፕላስቲክ በደረቅ ጨርቅ ሲታሽ አቧራን ወደ ራሱ የሚስብ ኤሌክትሪክ ይይዛልና። ቀብቼ እንደጨረስኩ ውስጡ በእርጥብ ጨርቅ የተወለወለ ካርቶን እደፋበታለሁ፤ እስከ ማግሥቱም አልገልጠውም። መግለጥ የሚያመጣውን ፈተና የቀባ ሁሉ ያውቀዋል። በክረምት ደግሞ ዝናብ ባዘለ አየር ላይ ቲነር ያለበት ቀለም ሲረጭ እንደ ወተት ይነጣል፤ ቀኑ እስኪከፈት መጠበቅ ይሻላል። ይህን ሁሉ አድርገው አንድ ሁለት ብናኝ ካረፈ፣ ቀለሙ በደንብ ከጠነከረ በኋላ በ2000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በውሃ ፈግተው ጋራዥ ባለው ማወልወያ ኮምፓውንድ ያብሩት።

ስለ ደኅንነት አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። የቲነር ተን በእሳት የሚቀጣጠል ነው፤ ከሰል በተቀጣጠለበት፣ ቡና በሚፈላበት ወይም ዕጣን በሚጨስበት ቤት ውስጥ ፈጽሞ አይረጩ። የአቧራ ጭምብል ተኑን አያግድም፤ ለቀለም ተን የተሠራ ማጣሪያ ያለው ጭምብል ያስፈልጋል። ማጠንከሪያ የሚጨመርበትን ባለ ሁለት ክፍል ክሊር ደግሞ ሳንባን በጽኑ ስለሚጎዳ ለባለሙያው ጋራዥ ይተዉት፤ በቤት ውስጥ፣ ይልቁንም ልጆች ባሉበት፣ አይሞከርም።

ጥያቄ፦ ከሞጆ የተላከ። የሞዴሉን መስታወት በሱፐር ግሉ አጣበቅኩት፤ በማግሥቱ ስነሳ መስታወቱ በሙሉ ጭጋግ የለበሰ መስሎ ነጥቶ አገኘሁት። ምን ነካው?

መልስ፦ ሱፐር ግሉ ሲደርቅ የሚወጣው ተን በአቅራቢያው ባለ ለስላሳ ገጽ ላይ አርፎ ነጭ ይሆናል፤ በተዘጋው የመኪናው ውስጥ መውጫ ሲያጣ ደግሞ ይብሳል። ጉዳቱ ገጹ ላይ ብቻ ስለሆነ፣ መስታወቱ ተነቅሎ ሊወጣ ከቻለ በ2000 ቁጥርና በኮምፓውንድ ታሽቶ ይመለሳል። ለወደፊቱ መስታወትን በአናጺዎች ነጭ ኮላ ያጣብቁት፤ ሲደርቅ ጥርት ብሎ የማይታይ ይሆናል፤ ከጠርዝ የወጣውም በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል። ትንንሽ የፍሬቻ መብራቶችን ራሱ የኮላው ጠብታ ሲደርቅ ሊተካቸው ይችላል፤ በላዩ ብርቱካናማ ቀለም በስሱ ይነካል።

ጥያቄ፦ ከአሰላ አንዲት እናት የላኩት። ልጄ ሥራ ይዟል፤ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። ማታ ማታ ከሥራ ሲመለስ ትንንሽ መኪና ሲሠራ ያመሻል። ጎረቤቶች "ትልቅ ሰው በአሻንጉሊት" እያሉ ያሙታል። እርስዎ ምን ይላሉ?

መልስ፦ እማማ፣ ልጅዎ ማታ ቤቱ ተቀምጦ በእጁ የሚሠራ ሰው ነው፤ ሊያሳስብዎት የሚገባ ነገር አላየሁም። የመኪና ፋብሪካዎች አዲስ መኪና ሲያወጡ በመጀመሪያ በትንሽ ልኬት፣ ቀጥሎም በሙሉ መጠን ከሸክላ መሰል ጭቃ ሞዴል የሚቀርጹ ደመወዝተኛ ባለሙያዎች አሏቸው። በአሜሪካ ጄኔራል ሞተርስ በፊሸር ቦዲ ስም ከ1930 እስከ 1968 እ.ኤ.አ. ወጣቶችን በሞዴል ሥራ ያወዳድር ነበር፤ በመጀመሪያ የንጉሥ ሠረገላ፣ ኋላም በ1፡12 ልኬት ራሳቸው ያሰቧቸውን መኪኖች እንዲሠሩ እያደረገ ለአሸናፊዎቹ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ክፍያ ይሸልም ነበር። ከእነዚያ ወጣቶች ጥቂት የማይባሉት ኋላ የመኪና ንድፍ ባለሙያዎች ሆነዋል። ልጅዎ ወደዚያ ይድረስ አይድረስ አላውቅም፤ የሚያስፈልገው ነገር ግን ጥሩ መብራትና የተከፈተ መስኮት ነው፤ እነዚህን ሁለቱን ያሰናዱለት።

ጥያቄ፦ በአዳማ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። አባቴ ለብዙ ዓመታት የላዳ ታክሲ ሾፌር ነበር፤ መኪናዋ ከሁለት ዓመት በፊት ተሸጣለች። ሰማያዊና ነጭ የሆነችውን ያችን ላዳ በ1፡24 ሠርቼ ልሰጠው እፈልጋለሁ። ተገጣጣሚ ሞዴሏን ማግኘት አልቻልኩም። ከባዶ መሥራት ይቻላል? ሞተሯንም መሥራት እፈልጋለሁ። ከሁለቱ ቀለሞችስ የትኛው ይቀድማል?

መልስ፦ ይቻላል፤ ደብዳቤህንም ደጋግሜ ነው ያነበብኩት። ከመቁረጥህ በፊት ግን ሁለት ሳምንት ያህል ለማየትና ለመለካት ስጥ። ተመሳሳይ ላዳ ያለው ሰው ፈልገህ በሜትር ለካት፤ ከፊት፣ ከጎን፣ ከኋላና ከላይ ርቀህ ቆመህ ፎቶ አንሳ፤ ተጠግተህ ያነሳኸው ፎቶ አፍንጫዋን ስለሚያሳብጠው ለንድፍ አይሆንም። ከፊያት 124 ተወስዳ በሶቭየት ኅብረት በቶሊያቲ ከተማ ከ1970 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተመረተችው የመጀመሪያዋ ላዳ ርዝመቷ ወደ 4.07 ሜትር፣ ስፋቷ 1.61 ሜትር፣ በጎማዎቿ መሐል ያለው ርቀት ደግሞ 2.424 ሜትር ነው። ለ24 ስታካፍላቸው 170፣ 67 እና 101 ሚሊ ሜትር ይሆናሉ። የአባትህ ላዳ ከኋለኞቹ ዓይነቶች አንዷ ልትሆን ስለምትችል፣ በእኔ ቁጥር ሳይሆን በሜትርህ ሥራ። ስለ መኪናዋ አባትህን መጠየቅ ስጦታውን ይገልጥብኛል ብለህ ከፈራህ የድሮ ፎቶዎቹን ፈልግ፤ በየታክሲው ላይ ያለው ጭረት፣ የተለጠፈው ጽሑፍ፣ የተቀየረው ስፖኪዮ የዚያች አንዲት መኪና መታወቂያ ነው።

ላዳ ማዕዘን ማዕዘን የሆነች መኪና በመሆኗ ለዝርግ ፕላስቲክ ትመቻለች። የጎኖቿን ንድፍ በወረቀት ላይ በትክክለኛው መጠን ሥራ፤ ወረቀቱን በአንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ባለው የፕላስቲክ ዝርግ ላይ ለጥፈህ ቁረጥ። የተጣሉ የማስታወቂያ ሰሌዳዎች ቁራጭ ከማስታወቂያ ሠሪዎች ሊገኝ ይችላል፤ አንዳንዱ ግን በሞዴል ሙጫ የማይያዝ ዓይነት ስለሆነ አስቀድመህ ቁራጩን ሞክር። በውስጥ በኩል እንደ ሣጥን የሚያቆሙትን አጥንቶች በየ3 ሴንቲ ሜትሩ አስገባ፤ ያለ እነርሱ ጎኖቹ በሙቀት ይጣመማሉ። ጎበጥ ያለውን የጣሪያዋን ጠርዝ ለማግኘት ደግሞ ወፍራም ፕላስቲክ ለጥፈህ በሞረድና በብርጭቆ ወረቀት ክብ አድርገው። ለመስታወቱ የደብተር መሸፈኛ ጥርት ያለ ፕላስቲክ ይበቃል። የጎማው ከፍታ ወደ 25 ሚሊ ሜትር ስለሚሆን ቆርኪ ይበልጥበታል፤ ከተሰበረ የመጫወቻ መኪና ጎማ ፈልግና የሚያብረቀርቀውን ገጹን በብርጭቆ ወረቀት አደብዝዘው፤ አስፋልት የነካ ጎማ አያብረቀርቅም።

ሞተሯን መሥራት የምትፈልግ ከሆነ ኮፈኑን ተከፋች ማድረግ ይኖርብሃል፤ ይህን ደግሞ የመጀመሪያውን ቁራጭ ከመቁረጥህ በፊት መወሰን አለብህ። ላዳ አራት ካንዴላ አላት። የካንዴላ ገመድ ውፍረቱ 7 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሆነ በሞዴሉ 0.3 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ በተራ የኤሌክትሪክ ገመድ ውስጥ ካሉት ቀጫጭን የመዳብ ክሮች አንዱ ጥቁር ሲቀባ ይተካዋል። ገመዶቹ ኤሌክትሪኩን በየተራ ከሚያድለው አከፋፋይ ወደ ካንዴላዎቹ የሚሄዱበት የእሳት ቅደም ተከተል 1፣ 3፣ 4፣ 2 ነው። ማንም አያየውም ትል ይሆናል፤ አባትህ ግን ያየዋል። አንቴናዋን የሞዴል ፕላስቲክ ዘንግ በሻማ ነበልባል አጠገብ አለስልሰህ ቀስ ብለህ ሳብ፤ እንደ ፀጉር ቀጥኖ ይወጣል። ፖርቶመጋላ ከነበራት የብረት ሽቦ ቁረጥና እንደ ልጅነትህ የሽቦ መኪና አብጀው፤ ይህንን ክፍል ከእኔ የተሻለ ታውቀዋለህ።

ሲያልቅ በጣም ንጹሕ እንዳታደርጋት። ታክሲ ናትና የጎማዋ ዙሪያ፣ የበሮቿ የታችኛው ጠርዝና መጥረጊያው ያልደረሰበት የመስታወት ጥግ አቧራ ይዟል። ከመንገድ ያመጣኸውን አፈር እንዳለ ብትነሰንስበት ቅንጣቱ ይገዝፍና ድንጋይ ይመስላል፤ ጠመኔ በቢላ ፍቀህ፣ ፈዘዝ ያለውን የአዳማን አቧራ መልክ በግራጫና በቡናማ ቀላቅለህ፣ በለስላሳ ብሩሽ ጥቂት ብቻ ቀባ።

የሁለቱን ቀለም ቅደም ተከተልም ስለጠየቅህ፦ ነጩ ይቅደም። ጣሪያውንና ጠርዙን በነጭ ቀብተህ ሁለት ቀን ሙሉ አድርቀው፤ ከዚያም ነጭ ሆኖ የሚቀረውን ክፍል ሠዓሊዎች በሚጠቀሙበት ቀጭን የወረቀት ፕላስተር ሸፍን። ጠርዙን በጥፍርህ አስተኛው። ሰማያዊውን ከመርጨትህ በፊት በፕላስተሩ ጠርዝ ላይ አንድ ስስ የነጭ ርጭት አሳልፍ፤ ቀለም የሚገባበት ክፍተት ካለ ነጩ ይገባና ይደፍነዋል፤ ሰማያዊው መግቢያ ያጣል። ሰማያዊውን በሦስት ስስ ርጭት ጨርስ፤ ፕላስተሩንም ሙሉ በሙሉ እስኪጠነክር ሳትጠብቅ፣ ከሰዓት ያህል በኋላ፣ ወደ ኋላ በራሱ ላይ እያጠፍክ በዝግታ ሳበው።